ከመርዶ የቀደመ ድምፅ

ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው በታች ባለችው ወፍጮ ቤት እህል ያስፈጨ ሰው ምትኩን ያውቀዋል። ቅንድቡና የጆሮው ጠርዝ ዓመቱን ሙሉ ነጭ ነው፤ ዱቄቱ በውኃም አይለቀው። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል። ከዚያ በኋላ አባቱ ሞቱበትና ወደ ሥራ ገባ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ማንበቡን ግን አልተወም። ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት እንኳ እጁ ከገባ ሳያነበው አይጥለውም ነበር። ስልክ ከያዘ ወዲህማ ንባቡ መቆሚያ አጣ። ሰው ለምን እንደሚቆጣ፣ ለምን እንደሚቀና፣ ጎረቤትና ጎረቤት በምን እንደሚኳረፍ፣ ሥራ ሳይጨርስ የተኛ ሰው አሳቡ ለምን እንደማያርፍ የሚያወራ ጽሑፍ ካገኘ ዓይኑን አይነቅልም። እንግሊዝኛውን በስልኩ ያስተረጉማል፤ ትርጉሙ እርስ በርሱ ሲጣላበት እየመላለሰ ያነበዋል። ሲገባው ያማትብና፣ «ተመስገን፤ ይህንን ሳላውቅ አልሞትሁም» ይላል።

ያወቀውን ይዞ መቀመጥ ግን አይሆንለትም። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ወረፋው እስከ መንገዱ ሲረዝም ሁለት ሴቶች በተራ ተጣሉና ነጠላቸውን መታጠቅ ጀመሩ። ምትኩ ከወፍጮው ጀርባ ብቅ አለ።

«እኅቶቼ፣ አሁን ያነበብሁትን ልንገራችሁ። ሰውን የሚያናድደው መጠበቁ ብቻ አይደለም አሉ። ከኋላው የመጣው ቀድሞት ሲገባ ነው።»

«ይህንን ለማወቅ ነው ስልክ ላይ አፍጥጠህ የምትውለው?» አለች አንደኛዋ። «እኔን ብትጠይቀኝ በነጻ እነግርህ ነበር!»

ወረፋው ሳቀ፤ ጸቡም በሳቁ መካከል ተረሳ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ «ምትኩ፣ ዛሬስ ስልክህ ምን ይላል?» ማለት ተለመደ።

ነገሩን ከወፍጮ ቤቱ ያወጣው አንዷለም ነው። አንዷለም ከአምደወርቅ መጥቶ እዚያው ጆንያ ይሸከም የነበረ፣ ሳቂታና ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ነበር። «ጋሼ ምትኩ፣ ይህ ሁሉ ወሬ እዚሁ ተፈጭቶ እዚሁ ለምን ይቀራል?» አለና ቴሌግራም ላይ «የወፍጮ ወረፋ» የሚባል ቡድን ከፈተለት። ማንበብ የማይችለው ስለሚበዛ ምትኩ ያነበበውን በራሱ አነጋገርና በራሱ ድምፅ እየቀረጸ ጠዋት ጠዋት ይልካል። አማርኛው አልበቃ ሲለው ኽምጥኛ ይጨምርበታል። ሰቆጣ ያለው፣ ጽጽቃ ያለው፣ ሥራ ፍለጋ ወልድያና ኮምቦልቻ የወረደው ሁሉ ይሰማዋል።

አንዷለም ሌላም ትንሽ ቡድን ከፈተ። ይህችኛዋ እናቱ እማዋይሽ አምደወርቅ የሚጠጡት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አባላት ብቻ ያሉባት ነበረች። እማዋይሽ ስልክ የላቸውም፤ አብራቸው የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ መስታወት የምትኩን ድምፅ ታሰማቸዋለች። በአካል አይተውት አያውቁም። «ያ የልጄ ጋሼ» ይሉታል፤ በሰው በሰው ምርቃት ይልኩለታል።

በመስከረም መጨረሻ አንዷለም ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወረደ። በጥቅምት ወባ ገደለው፤ እዚያው ቀበሩት።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው አብሮት ጆንያ ይሸከም ለነበረው ለምስክር ነው። ምስክር ለምትኩ ነገረው፤ ሁለቱም ከጆንያው ክምር ኋላ ቆመው አለቀሱ። ለእናትየው ግን እንዲህ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ፣ የነፍስ አባት፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኀዘንተኛውን በግራና በቀኝ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ቢያውቅ በባለቤቱ ፊት ትንፍሽ የሚል የለም።

«ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ያረዷቸዋል» አለ ምስክር።

ምትኩ መሄድ ፈልጎ ነበር፤ ወፍጮውን የሚረከበው ሰው አጣ። ቅዳሜ ጠዋት ኪዳን አድርሶ ሲመለስ እግሩ ሰቆጣ ነው፤ ልቡ አምደወርቅ። አሁን ነግረዋቸዋል፤ አሁን እየጮኹ ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ «በርቺ፣ በርቺ» እያላቸው ነው እያለ ያስባል። ወፍጮውን ያስነሣል፣ ያጠፋል፤ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ሰሞኑን ስለ ኀዘን ያነበበው ነገር በራሱ ውስጥ ይመላለሳል። ቢያንስ ድምፄ ይድረስላቸው ብሎ ወደ ጓሮ ወጣና ለትንሿ ቡድን ቀረጸ።

«እማማ እማዋይሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የአንዷለምን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ማኅበርተኞች፣ ያነበብሁት ጽሑፍ ኀዘንተኛን ‹ይብቃሽ› ከማለት ስለ ሟቹ ማውራት ይሻላል ይላል። እባካችሁ ስሙን እየጠራችሁ አውሩላቸው። እኔም ከጎናችሁ ብሆን . . .» እዚህ ላይ ቀረጻውን አቋረጠ። እንደዚያው ላከው። ጥቂት ቀለል አለው፤ አማተበና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ብዙም አልቆየ፤ ምስክር የማሽላ ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

«እንዴት ሆኑ አሉ?» አለው ምትኩ።

«እነማን?»

«የአንዷለም እናት ናቸዋ። አረዷቸው አይደል?»

ምስክር ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። «አልነገርሁህም እንዴ? ለነገ ተላለፈ እኮ! ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የማኅበሩ ተራ ደግሞ የእሳቸው ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል። መምሬ ገብረ አማኑኤል ‹ጽዋዋን በሰላም ታውጣ፤ የእመቤታችንን ቀን በጩኸት አንዝጋባት› አሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ነው።»

ምትኩ ዱቄት መቀበያውን ቋት ይዞ ቆመ።

«ልኬዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ድምፅ። ለማኅበርተኞቹ። ስሙን ጠርቼ።»

«ታዲያ አጥፋዋ! ምን ታየኛለህ፣ ጋሼ? አጥፋው እንጂ!»

ምትኩ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ወደ ጓሮ ወጣ፤ የለም። ድንጋይ ካብ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ የለም። ምስክርም በራሱ ስልክ ሞከረ፤ ሊደውልም አልቻለም። ከተማው ሁሉ ኔትወርክ ጠፍቶበታል። የላከው ግን ከመጥፋቱ በፊት ሄዷል፤ ምልክቱ ከመልእክቱ ግርጌ ተቀምጦ ይታየዋል።

ያኔ ነገሩ በፊቱ ቁልጭ ብሎ ታየው። እማዋይሽ የልጃቸውን ሞት በማኅበር ቀናቸው፣ ጽዋውን እንደያዙ፣ ደጋፊ ሳይዘጋጅላቸው ከስልክ ሊሰሙት ነው። የሚሰሙትም በእሱ በምትኩ ድምፅ ነው።

«ወፍጮውን ያዝልኝ» አለ።

«እኔ ወፍጮ የት አውቃለሁ?»

«ወንፊቱን አትንካው፤ የቀረውን ሴቶቹ ያሳዩሃል!»

ሽርጡን ሳይፈታ ባጃጅ ተሳፍሮ መናኸሪያ ደረሰ። የአምደወርቁ ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነበር። ምትኩ ገብቶ ተቀመጠ፤ መቀመጥ አልቻለም፤ ወረደ። ሳያስበው በሩ ላይ ቆሞ፣ «አምደወርቅ! አምደወርቅ! የሞላ!» እያለ መጣራት ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነው?» አለው ረዳቱ። «ደግሞ ዱቄት ተለቅልቀህ! ሰው ጆንያ የሚጫን መስሎት ይሸሻል፤ ግባና ተቀመጥ።»

መኪናው ሞልቶ ሲነሣ ምትኩ ጧፍ ከታቀፈች ሴት ጎን ነበር። ከፊቷ ወዳለችው ባልንጀራዋ ዞራ ስታወራ ስሟ አገኘሁሽ መሆኑን፣ ለማኅበሩ ጧፍ ልትገዛ ሰቆጣ ማደሯን ሰማ። ወዲያው ደግሞ የራሱን ስም ሰማ።

«ይህ ምትኩ የሚሉት የወፍጮ ቤት ሰው ጠዋት የላከውን ብትሰሚ ጆሮሽን ትይዣለሽ። መርዶ ያልተነገራትን እናት ልጅ በስሙ ጠርቶ ‹ነፍስ ይማር› ይላል! በእንቅልፍ ልቡ ነው እንዴ?»

«ጉድ ነው!» አለች ባልንጀራዋ።

«ሲያነብ ሲያነብ አናቱ ዞሮ ይሆናል። ድሮም እኔ ይህ ሁሉ ንባብ አልጣመኝም። ቆይ፣ ይህ ወንድማችን ይፍረድ።» ወደ ምትኩ ዞረች። «ወንድሜ፣ መርዶን በስልክ የለፈፈ ሰው ምን ይባላል?»

ምትኩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሴትዮዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ሳያውቅ ቢሆንስ?» አለ በቀስታ።

አገኘሁሽ ትክ ብላ አየችው። «እስቲ ድገመው።»

«ምኑን?»

«እናንተ! ይህ ድምፅ . . .» ቅንድቡን አየች፤ ሽርጡን አየች። «አንተ ነህ!»

«እኔ ነኝ፣ እኅቴ። ተላልፎ እንደነበር አልሰማሁም። የሰደብሽኝ ሁሉ ይገባኛል። ሳይሰሙት ልድረስ ብቻ።»

ሴትዮዋ የስድቡ እፍረትና ንዴቱ ተደባልቀውባት ጧፏን አስተካከለች። ክፉ ሰው አልነበረችም።

«መስታወት ጠላ ስታሳልፍ ስልኳን ከየት ታየዋለች?» አለች። «እስከ ጽዋው መነሣት ድረስ አልፈራም። የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።»

«ከዚያ በኋላ ምን አለ?»

«አታውቅም? ጸሎቱ ካበቃ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ስፒከር መጥቶ ያንተ ድምፅ ነው የሚከፈተው። ሽማግሌዎቹ ሳይሰሙህ አይነሡም።»

ይህንን ሌላ ቀን ቢሰማው ኖሮ በደስታ ያለቅስ ነበር። በሠፈር የሚሰማኝ ሰው አለ፣ አምላኬ ከወፍጮ ድምፅ በላይ ድምፄን አሰማልኝ ብሎ ያመሰግን ነበር። አሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ መኪናው ያቃስታል። ምትኩ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር በእግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ የሚያፈጥነው ይመስል። ከመንገዱ በላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጉልላቱ ሲታይ ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ። ምትኩ፣ «እመቤቴ፣ ቀንሽ ነው፤ ከአፌ የወጣውን ያዢልኝ» አለ በልቡ።

አምደወርቅ ሊደርሱ ሲሉ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ መኪናው ሥር ተኝቶ ከብሎኑ ጋር ሲታገል ምትኩ የደረሰው ጤፍ መሐል ገብቶ መሮጥ ጀምሯል።

«ቀስ በል!» ስትል ጮኸች አገኘሁሽ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። «የምትሮጠው ወደ ገደሉ ነው! መንገዱን የማውቀው እኔ አይደለሁ?»

እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው በማሳው ጠርዝ አቋረጡ። አጫጆች ቀና ብለው አዩአቸው። አንዱ፣ «ማኅበርተኛ ጠላ ሊያልቅበት ነው!» ብሎ ሳቀ። ምትኩ መልስ የሚሰጥ ትንፋሽ አልነበረውም።

ከእማዋይሽ ደጅ ሲደርሱ ጸሎቱ አብቅቷል። ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ሞልቶበታል፤ ስፒከሩ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት ቀጭን ልጃገረድ ስልክ ይዛ ከጎኑ ቆማለች። መስታወት መሆኗን ሳይነግሩት ዐወቀ።

«በይ አሰሚን እንጂ!» ይላሉ አንድ ሽማግሌ። «ያ ልጅ ዛሬ ምን ይላል?»

«ጠዋት ኔትወርኩ ሳይጠፋ አንድ ገብቷል፤ እኔም አልሰማሁት፤ ይኸው» አለች መስታወትና አውራ ጣቷን አነሣች።

«አትክፈቺው!»

ድምፁ ከአሰበው በላይ ጮኸ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ በሩ ላይ የቆመውን፣ ላብና ዱቄት ፊቱ ላይ የተቦካበትን ሰው ያያል። ከነፍስ አባትየው ከመምሬ ገብረ አማኑኤል በቀር ማን እንደሆነ የጠረጠረ አልነበረም።

«ሰውየው ራሱ መጥቶ ሳለ ስልኩ ምን ያደርጋል?» አለ ምትኩ።

እማዋይሽ ከጓዳው በር ብድግ አሉ። አጭር፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው፤ ሳቁን ልጃቸው ከእሳቸው ነበር የወሰደው።

«የልጄ ጋሼ! ይህንን ድምፅ መቼ አጥቼው!» እቅፍ አድርገው ሳሙት፤ ሲለቁት ነጠላቸው ነጭ በነጭ ሆነ። «ምነው ልጄ፣ እኔን ልታይ ስትል ከወፍጮው ውስጥ ነው የወጣኸው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አገኘሁሽ በሰው መሐል አልፋ ስልኩን ከመስታወት እጅ ተቀበለችና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። መስታወት ፊቷ ተለወጠ፤ ወዲያው ጎንበስ ብላ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

እማዋይሽ ምትኩን ከቄሱ ጎን አስቀመጡት፤ በገዛ እጃቸው ቀዱለት። «አንዷለም ነው የላከህ?»

ምትኩ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። መዋሸት አልቻለም፤ መናገርም አልቻለም።

«ያገናኘን እሱ ነው፣ እማማ» አለ።

«እሱስ እውነት ነው። ምሕረትም ሴት ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራች ትሰማሃለች። አንድ ቀን ሳትልክ የቀረህ እንደሆነ በመስታወት ስልክ ደውላ፣ ‹ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?› እያለች ታስጨንቀኛለች። በል፣ ከሩቅ መጥተሃል፤ ዛሬ ያነበብኸውን ንገረን።»

ምትኩ ሰዉን አየ። ስለ አንዷለም የሚያውቁት ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አንሥተው መሬት መሬት ያያሉ። ሕፃን እንኳ የማያስለቅስ፣ ማንንም የማይነካ ነገር ፈለገ፤ ወረፋ ትዝ አለው። መጠበቅን የሚያህል ተራ ነገር የለም ብሎ ጀመረ። ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ሰው ጊዜው እንደሚረዝምበት፣ እጁ ሥራ የያዘ ግን እንደማይታወቀው ተናገረ። ወፍጮ ቤት ሴቶቹ ወረፋ ሲረዝም እንዴት እሱን ማማት እንደሚጀምሩ አስመስሎ አሳየ። እማዋይሽ ከልባቸው ሳቁ፤ የሳቃቸው ድምፅ እንደ መርፌ ወጋው።

«ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ» አለ ለመጨረስ እየቸኮለ፣ «መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅ ጥበቃ ነው ይላሉ።»

«እውነት ነው!» አሉ እማዋይሽ። «እኔ እመሰክራለሁ። አንዷለም ለገና እመጣለሁ ብሎኛል። ቀኑን ስለማውቀው መጠበቁ አይከብደኝም። እኔ ጋቢውን እየፈተልሁ ነው፤ እሱ ሲመጣ ያልቃል።»

ማንም ብርጭቆውን አላነሣም፤ ማንም አላስቀመጠም። መምሬ ገብረ አማኑኤል በዚያ መሐል ከመቀመጫቸው ተነሡና መስቀላቸውን አወጡ።

«በሉ፣ ጽዋው ለተረካቢው ይሰጥ። እማዋይሽ፣ ያንቺን እመቤታችን ተቀብላዋለች። ተነሡ እንጸልይ።»

ከጸሎቱ በኋላ ምትኩ ወጥቶ ከአጥሩ ጥግ ቆመ። ቄሱ ተከተሉት። እንዲደገፍበት መቋሚያቸውን አስያዙት።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ። ላበላሸው ነበር።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። አገኘሁሽ ሁሉንም ነግራኛለች። ኔትወርኩን ማን እንዳጠፋው እኔ አላውቅም፤ አንተ ግን ማመስገን ታውቃለህ አሉ።»

«አሁንስ? ፊታቸው ቁጭ ብዬ አሳቅኋቸው። ይህ ማታለል አይደለም?»

«እኛስ? ዳቦዋን ቆርሰን የበላን፣ ‹ለከርሞ ያድርስሽ› ያልናት? ሁላችንም ተሸክመነዋል። አንተ ብቻህን የያዝኸው አይምሰልህ። አሁን እንደ ሌባ ሹልክ ብለህ ወደ ሰቆጣ እንዳትሄድ። እኔ ቤት ታድርና ጠዋት አብረኸን ትቆማለህ።»

ጠዋት አብሯቸው ቆመ። ብርዱ ያንሰፈስፋል፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ በደጁ ተሰብስቧል። እማዋይሽ በሩን ሲከፍቱ ያን ሁሉ ሰው አዩ፤ ቄሱን አዩ፤ ከሰው መሐል ምትኩን አዩ። ምንም ሳይነገራቸው እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። በግራ አገኘሁሽ፣ በቀኝ መስታወት ደርሰው ያዟቸው። መምሬ ገብረ አማኑኤል የተናገሩት አጭር ነበር። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ነው። እማዋይሽ በኽምጥኛ ልጃቸውን ጠሩት፤ በልጅነቱ ብቻ ይጠሩት በነበረው ስም። ምትኩ ያነበበው ሁሉ ጠፋው። ከሰዉ ጋር ደረቱን እየመታ አለቀሰ፤ ማድረግ የሚችለው ያንን ብቻ ነበር።

ፀሐይ ሞቅ ስትል እማዋይሽ ድንኳኑ ውስጥ በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ እጃቸውን ወደ ምትኩ ዘረጉ። ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«ትናንት ስታስቀኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«እነዚህስ?» ዙሪያውን በዓይናቸው አሳዩት።

ምትኩ አቀረቀረ።

«ጽዋዬን አስወጥታችሁኝ . . .» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየም። ምናልባት ሁለቱም ነበር። ድንገት እጁን ጨበጡት።

«ምሕረትስ?»

«አልተነገራትም። ወንድምዎ አቶ መንግሥቴ በዛሬው መኪና ወደ ኮምቦልቻ ሄደዋል። ከአከራዮቿ ጋር ተነጋግረው ነገ ጎህ ሲቀድ ይነግሯታል።»

«አንተ ዛሬ ልከሃል?»

«ምን?»

«ድምፅህን ነዋ! በየጠዋቱ የምትልከውን። ኔትወርኩ ተመልሷል አሉ። ካልላክህ ልጅቷ ትደውላለች፤ ብትደውል እኔን ነው የምትጠይቀው፤ ይህንን ድምፄን ከሰማች አለቀ። ብቻዋን ናት፤ ከዚያ ማሽን ፊት ቆማ ነው የምትሰማው።» ጨበጣቸው ጠበቀ። «ሂድና ላክ። እንደ ወትሮህ አድርገህ።»

«እማማ፣ አልችልም። አፌ እሺ አይለኝም።»

«እኔ ከትናንት እስከ ዛሬ የኖርሁት እናንተ ስለቻላችሁ ነው» አሉት። «ለእሷም ቻልላት።»

ምትኩ ተነሣ። ከድንኳኑ ርቆ፣ የለቅሶው ድምፅ እስከማይሰማበት እስከ ማሳው ጫፍ ሄደ፤ ቆመ፤ ጥቂት ወደ ታች ወረደ፤ እንደገና ቆመ። ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ ትናንት የላከውን ያንን መልእክት ከሁሉም ስልክ አጠፋው። ቀጥሎ ትልቁን ቡድን ከፍቶ መቅረጫውን ተጫነ። «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ድምፁ ተሰበረ፤ ሰረዘው። እንደገና ጀመረ፤ ሰረዘው። ማሳው ላይ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ፤ «አባታችን ሆይ» ደገመ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንድ ሰው ሲያዛጋ አጠገቡ ያለው ለምን እንደሚያዛጋ ያነበበውን፣ በቅዳሴ ላይ አንድ ዲያቆን አዛግቶ መቅደሱን ሁሉ እንዴት እንዳስያዘ አድርጎ ተናገረ። ሳቅ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ላከው።

ስልኩ ብዙም ሳይቆይ ድምፅ አሰማ። ምሕረት ጽፋለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ ላይ ሆኜ አሳቅኸኝ፤ አለቃዬ ተቆጣኝ። ግን ድምፅህ ተዘግቷል። ብርድ መትቶህ ነው? ዳማከሴ ጠጣበት፤ እናቴ ጓሮ ሞልቷል፣ መስታወትን አስልካት።»

ምትኩ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ «እሺ፣ ምሕረት፤ እጠጣለሁ» ብሎ መለሰላት።

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ እማዋይሽ ጓሮ ዞረ። ከአጥሩ ሥር ዳማከሴውን አገኘው፤ ቀንበጡን በእጁ ቆረጠና የለቀስተኛ ምግብ ከሚበስልበት ምድጃ ዳር ወደምትገኘው ወደ መስታወት ወሰደላት።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለችው፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

«አፍይልኝ፣ እኅቴ» አላት። «እጠጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»